ድረ ገጹ ላይ ወጥቷል

ጋሼ ኮታቸውን ሳያወልቁ ነው የጠየቁኝ።

«ስልክህን አውጣማ። የኔን ሬቲንግ እይልኝ፣ የሆነ ሰው ተሳስቷል።»

ጋሼ ስላልኳቸው ሐበሻ እንዳይመስሏችሁ። ጡረታ የወጡ ፈረንጅ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቼዝ ክለባችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ የሳቸው ናት። ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ካገኙ አይናገሩም፤ አጠገቡ ቆመው ዝም ብለው ያዩታል፣ ሰውየው ራሱ ይነሳል። አገሬው ትልቅ ትንሽ ሳይል በስም ነው የሚጠራራው። እኔ ግን በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አፌ እምቢ አለኝና ጋሼ አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት። አሁን ክለቡ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ አንዳንዱ እንዲያውም የመዝገብ ስማቸው ይመስለዋል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ማርች 2024፣ በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ነው። ስልኬን አውጥቼ የዓለም አቀፉን የቼዝ ፌዴሬሽን፣ የፊዴን፣ የሬቲንግ ገጽ ከፈትኩ። ፌብሩዋሪ ላይ 1512 የነበሩት ሰውዬ 1707 ሆነዋል። በመሃል አንድ ጨዋታ እንኳን አልተጫወቱም፣ ጉንፋን ይዟቸው ቤት ነው የከረሙት።

«በስሜ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ።

እኔም አላወቅሁም። የራሴን ሳይ እሱም ሽቅብ ወጥቷል። የነገረን ማን መሰላችሁ? ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ የአንድ ደቂቃ ቼዝ የሚጫወት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ቀና እንኳን ሳይል «ቀመሩ ነዋ» አለ። «ሬቲንጋችሁን ከ2000 ላይ ቀንሱ፣ የቀረውን በ0.4 አባዙ፣ መልሳችሁ ደምሩ።» ጋሼ የጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀት ገልብጠው ጀርባው ላይ አሰሉት። ከ2000 ላይ 1512 ሲነሳ 488። በ0.4 ሲባዛ 195 ከምናምን። ሲደመር 1707።

እርሳሱን አስቀመጡና «ታዲያ ለኔ ለምን አልነገሩኝም?» አሉ።

ይኼው ጥያቄ ነው ሆዴ ውስጥ የቀረው። ሰሞኑን ደግሞ የዓመቱ መዋጮ ደብዳቤ ከፌዴሬሽኑ መጣልኝ። በፖስታ፣ በቀኑ፣ ስሜ ሳይጣመም፣ የቤት ቁጥሬ ሳይሳሳት። ሲፈልጉ ያውቁበታል ማለት ነው። ተናድጄ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት፣ እስክጨርስ ይበርድልኝ ይሆናል።

የየትኛው አገር ፌዴሬሽን እንደሆነ አልናገርም። አውሮፓ ውስጥ ነኝ፣ አገሯ ትንሽ ናት፣ የቼዙ ሰው ደግሞ ከትንሿም ትንሽ ነው። ቦርዱ ውስጥ ካሉት አንዱ በሚቀጥለው ወር ሰሌዳ ላይ ሊገጥመኝ ይችላል፣ ሌላው ልጄን ያሠለጥናል። ደሞ ስም ብጠራም ባልጠራም ሌላ አገር ያለ ሐበሻ አንብቦ «ይሄማ የኛው ነው» ማለቱ አይቀርም።

ለቼዝ እንግዳ ለሆናችሁ ሬቲንግ ማለት የተጫዋች ሚዛን ነው። ስታሸንፍ ይጨምራል፣ ስትሸነፍ ይቀንሳል። በ1970ዎቹ ፊዴ ዝርዝሩን በዓመት አንዴ ነበር የሚያወጣው፤ ከ2012 አጋማሽ ወዲህ በየወሩ ነው። ታዲያ ከኮቪድ በኋላ የታችኛው ሰፈር ተበላሸ። ቤት ተዘግቶባቸው ኢንተርኔት ላይ ሌት ተቀን ሲጫወቱ የከረሙ ልጆች 1100 እና 1200 የሚል ቁጥር ይዘው ብቅ አሉና 1700 የነበረውን አባወራ ይዘርሩት ጀመር። ቁጥሩ ሰውን መመዘን አቃተው። ጄፍ ሶናስ የሚባል የስታቲስቲክስ ሰው አጠናው፣ ሐሳቡ በ2023 አጋማሽ ላይ በይፋ ወጣ፣ ተከራከሩበት፣ ጸደቀ። ማርች 1 ቀን 2024 ከ2000 በታች ያለ ሰው ሁሉ በዚያች ቀመር ከፍ አለ፣ ወለሉም ከ1000 ወደ 1400 ተነሳ። 1000 የነበረ 1400፣ 1400 የነበረ 1640፣ 1800 የነበረ 1880 ሆኖ አደረ። እኔ እንደሚመስለኝ ደህና ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ላይ ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከዝምታው ጋር ነው። ሐሳቡ ከወጣ ጀምሮ እስከ ማርች ድረስ ስምንት ወር ገደማ ነበር። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ሰው ለክለባችን «ማርች ላይ ቁጥራችሁ ስለሚቀየር እንዳትደነግጡ» የሚል አንድ መስመር መላክ አቃተው።

ብትደነግጥስ ምን ትሆናለህ ትሉኝ ይሆናል። ጋሼ የሆኑትን ልንገራችሁ።

ጃንዋሪ ላይ ለፋሲካ ውድድር ተመዝግበው፣ ከፍለው ጨርሰዋል። የፈረንጆቹ ፋሲካ በዚያ ዓመት ማርች 31 ነበር። የተመዘገቡት «ከ1700 በታች» በሚለው ምድብ ነው። በየዓመቱ እዚያው ነው የሚጫወቱት፤ አንድ ጊዜ ሦስተኛ ወጥተው ያገኟት ትንሽ ዋንጫ ቤታቸው መደርደሪያ ላይ ከሚስታቸው ፎቶ አጠገብ ተቀምጣለች። አዳራሹ ደርሰው ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ ቢፈልጉ የለም። ከላይኛው ምድብ ውስጥ ተገኘ። ዳኛው ጨዋ ልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ «የምንጠቀመው የማርችን ዝርዝር ነው፣ እርስዎ 1707 ነዎት» አላቸው። በሰባት ነጥብ! ገንዘቤን መልሱልኝ ቢሉ ጊዜው አልፏል። ሆቴል ይዘዋል፣ በባቡር አራት ሰዓት ሄደዋል፣ ቁጭ ብለው ሰባት ዙር ተጫወቱ። ስድስቱን ተሸንፈው አንድ አቻ ይዘው ተመለሱ። የመጨረሻውን ዙር የገጠመቻቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ በሃያ ሁለተኛው እርምጃ ማት አደረገቻቸው። እጇን ጨብጠው «ጎበዝ» ብለዋት ወጡና ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ብዙ ተቀመጡ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፣ የልጅቷ አባት ነው። ዝናብ ነበር አለኝ።

ቆይቶ ሲጣራ ማስታወቂያው ነበር። አዎ፣ ነበር! ከሬቲንግ ለውጡ የተነሳ ምድቡ የሚዛወርበት ሰው እስከ ማርች 15 ድረስ ካመለከተ ባለበት ይቆያል፣ መሰረዝ ከፈለገም ገንዘቡ ይመለስለታል ይላል። እንዴት ያለ ቅን ማስታወቂያ ነው። ያለበት ቦታ ደግሞ፦ መነሻ ገጽ፣ «ስለ እኛ»፣ «ሰነዶች»፣ «2024»፣ «ልዩ ልዩ»፣ እዚያ ውስጥ «ሰርኩላር 3 የታረመ የመጨረሻ 2» የሚባል ፒዲኤፍ፣ ገጽ ስድስት፣ ተራ ቁጥር 7። ሰነዱ ታትሞ፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ መልሶ ስካን ተደርጎ ስለተሰቀለ ቃል ጽፈህ ብትፈልግ አያገኝልህም፤ ወረቀቱ ራሱ ትንሽ ተጣሟል፣ ጥጉ ላይ የሆነ ሰው አውራ ጣት ይታያል። ገጽ አንድ እና ሁለት ላይ ፕሬዚዳንቱ ከአንድ ባለሥልጣን ጋር ሲጨባበጡ የሚያሳይ ፎቶ አለ። እሱ ግን ጥርት ያለ ነው።

ቢሮው ደወልኩ። ስልክ የሚያነሱት ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት፣ አላቋረጠችኝም፣ ስለ ጋሼ የነገርኳትን ሁሉ «እህ፣ እህ» እያለች ሰማችኝ። ስጨርስ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ድረ ገጹ ላይ ወጥቷል እኮ» አለችኝ።

ምን ልበላት? ወጥቷል።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፣ በዕድር ጡሩምባ። ገና ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባው ይነፋል። ውሾች ይጮኻሉ፣ እናቴ ነጠላዋን በጨለማ እየዳበሰች «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ!» ትለናለች፣ ለፋፊው ቆም ይልና ድምፁን ስቦ ይጣራል። እገሌ አርፈዋል፣ ቀብራቸው እዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ በዚህ ሰዓት። ማን፣ የት፣ መቼ። ሌላ ነገር የለውም። የዕድሩ ዳኛ መልእክት የለበትም፣ የሟች ታሪክ እንኳን ለቀብሩ ነው የሚቆየው። ከዚያ አሥር ቤት ያህል አልፎ ያንኑ ይደግመዋል። አልሰማሁም ብሎ የቀረ ሰው ቅጣቱን ይከፍላል፣ ምክንያቱም ተነፍቶለታል።

አንድ ጊዜ ግን ትዝ ይለኛል፣ ለፋፊው ታሞ ልጁ ተክቶት ወጣ። ልጁ ውሻ ፈርቶ ይሁን ቸኩሎ እንጃ፣ ከወንዙ ወዲህ ያሉትን ቤቶች ዘለላቸው። እኛም ከተዘለሉት ነበርን። በወሩ ስብሰባ የቀሪዎች ስም ሲነበብ እናቴ ተነስታ «እኛ ሰፈር ጡሩምባ አልተሰማም» አለች፣ ሌሎችም «አዎ፣ አልተሰማም» አሉ። ዳኛው ጸሐፊውን አዩት፣ ጸሐፊው ለፋፊውን አየው፣ ለፋፊው መሬት መሬት አየ። የዚያ ሰፈር ቅጣት በሙሉ ተነሳ። «ጡሩምባው እኮ ተነፍቷል፣ እናንተ ናችሁ መጥታችሁ ያልሰማችሁት» ያለ ሰው አልነበረም። ቢል ኖሮ እናቴን አያችኋት ማለት ነው።

የኛ ፌዴሬሽን ግን ጡሩምባውን ቢሮው ውስጥ ነፍቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ማነው ያልሰማ እያለ ይቀጣል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እኔ በ2009 አባል ስሆን በየሁለት ወሩ መጽሔት በፖስታ ይመጣ ነበር። የቼዝ ፌዴሬሽን መጽሔት እዚህ አህጉር ላይ የቆየ ነገር ነው፤ የስዊድኑ ከ1895፣ የዴንማርኩ ከ1904፣ የኖርዌዩ ከ1906 ጀምሮ ይቆጠራል። አሜሪካኖቹ በ1946 የራሳቸውን ሲጀምሩ በጋዜጣ መልክ ነበር። የኛም መጽሔት ብታዩት አያምርም ነበር፣ ሽፋኑ ሁልጊዜ አንድ አገጩን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ግን ውስጡ ሁሉም ነበር። የቀጣዩ ሦስት ወር የውድድር ሰሌዳ፣ ውጤቶች፣ የሒሳብ ሪፖርት፣ ያለፈው እትም እርማት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የአንባቢ ደብዳቤ። እኔ ከኋላ ነበር የምጀምረው። ከአንድ ገጠር ክለብ የሆነ ሰውዬ በየእትሙ የፌዴሬሽኑን ገንዘብ ያዥ ይሞግታል፣ ገንዘብ ያዡ በሚቀጥለው እትም ይመልሳል፣ ሰውየው መልሱን ይዞ እንደገና ይመጣል። ሦስት ዓመት ነው የተከታተልኳቸው። ሁለቱም ሲሳደቡ እንኳን «ክቡር» ተባብለው ነው። የጉዞ አበል ስንት እንደሆነ፣ ማን ቦርድ ውስጥ ማንን እንደማይወድ፣ ቡድኑ ወደ ኦሊምፒያድ ሲሄድ አሠልጣኙ ለምን እንደቀረ ያወቅሁት ከዚያ ገጽ ነው።

የራሴም ጨዋታ አንዴ ታትሟል፣ በ2011። በሕይወቴ ካደረግኋቸው ጨዋታዎች ምርጡ፤ ጥቁር ይዤ፣ ፈረስ ሰውቼ፣ ከኔ ብዙ የሚበልጥን ሰው ያሸነፍኩበት። መጽሔቱ ሲመጣ ስሜ ተጣሟል፣ እሱንስ ለምጄዋለሁ። ውጤቱ ግን ተገልብጧል። እርምጃዎቹ አንድ በአንድ በትክክል ታትመው፣ የመጨረሻው እርምጃ የነጩን ንጉሥ ማት አድርጎት፣ ከሥሩ 1–0 ይላል። ነጭ አሸነፈ ማለት ነው። የሞተው ሰውዬ አሸነፈ! ጻፍኩላቸው። «ስለ ጠቃሚ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ፣ እርማት ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። እኔ ገጹን ቆርጬ ለእናቴ ላክሁላት። ቋንቋውን አታነብም። በስልክ አሸንፌ ነው ያወጡኝ አልኳት፣ አሸንፎ ነው ያወጡት ብላ ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንደዚያ ነው የምትናገረው። ትክክለኛው ውጤት ያለው እናቴ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።

እንዲያም ሆኖ ያ መጽሔት ይሻለኝ ነበር። ስህተቱን እንኳን ቢያንስ እቤቴ ድረስ አምጥተው ነው የሰጡኝ። በኋላ በዓመት አራት ሆነ፣ ከዚያ «ለአካባቢ ጥበቃ ሲባል» ወረቀቱ ቀረና ፒዲኤፍ ሆነ። በዚያው ዓመት መዋጮ ጨመረ። የአካባቢ ጥበቃው ምን ያህል እንዳስወጣቸው የጠየቀ አልነበረም፣ ምክንያቱም መጠየቂያው ገጽ አብሮ ቀርቷል። አሁን ያለው ፒዲኤፍ ፎቶ ነው። ሰዎች ዋንጫ ይዘው፣ ሰዎች ሪባን ሲቆርጡ፣ ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ። የሒሳብ ሪፖርት የለም፣ እርማት የለም፣ ያ የገጠር ክለብ ሰውዬም የት እንደገባ አላውቅም። በሕይወት ካለ እየጻፈ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ስለ ኢሜይል ስንጠይቅ ደግሞ ሕጉ አይፈቅድም ይሉናል። በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ማለታቸው ነው። ሕጉ እኮ ለአባልህ ስለ አባልነቱ አትጻፍለት አይልም። የስፖንሰሩ የቼዝ ሰዓት ቅናሽ ማስታወቂያ ግን በየሁለት ሳምንቱ ከች ይልልኛል፣ እሱን ሕጉ አያውቀውም።

ከፋሲካው ውድድር ሦስት ሳምንት በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ነበር፣ እኔ የክለባችን ተወካይ ሆኜ ሄድኩ። ሰማንያ አራት ገጽ ሰነድ ሐሙስ ማታ ደረሰን፣ ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ውስጡ የምናጸድቀው ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ አለ። ዓመት ሊሞላው ምንም ሳይቀረው ያን ቀን ነው ያየነው። አንድ ሰውዬ «እኔ እንዲህ አላልኩም» አለ፤ ያለውን ግን እሱም አያስታውስም። ጸደቀ።

አባቴ ቼዝ ከማስተማሩ በፊት ሰንጠረዥ ነበር ያሳየኝ፣ የኛን የጥንቱን ቼዝ። ሲጀመር ተራ የለውም። ወረራ ይባላል፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ እየተሯሯጡ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ፣ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። አጀንዳው «የመረጃ አቅርቦት» ላይ ሲደርስ ወረራ ሆነ። አንዱ ስለ መጽሔቱ፣ አንዱ ስለ ወጣቶች ሻምፒዮና፣ ማስታወቂያው የወጣው ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነበር፣ አንዱ ስለማይሠራ ሊንክ፣ አንዲት እናት ልጇ ለብሔራዊ ቡድን መመረጡን ከሌላ ልጅ እናት እንደሰማች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል። እኔ የጋሼን ነገር አነሳሁ። ጋሼን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፣ ትንሽ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አስተካከሉና ይህን ችግር ከሥሩ የሚፈታ የኮሙኒኬሽን ስትራቴጂ ሰነድ መዘጋጀቱን አበሰሩን።

«የት ነው የምናየው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ድረ ገጹ ላይ ወጥቷል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢው መጀመሪያ ደንገጥ አሉ፣ ከዚያ ምን እንዳሉ ገባቸውና ራሳቸውም ሳቁ። ሳቅንና ወደ ምሳ ወጣን፣ አጀንዳው እንደተዘጋ ተቆጠረ።

ምሳ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ድረ ገጹን የሚሠራው ልጅ ነበር። ልጅ እላለሁ እንጂ አርባ ይሆነዋል። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነው፣ ፌዴሬሽኑ አምስት ሳንቲም አይከፍለውም። እኔ ስናገር ቀልቶ እንደነበር አይቼዋለሁ፣ ሊቆጣኝ ነው ብዬ ሾርባዬ ላይ አቀረቀርኩ። አልተቆጣም። ስልኩን አውጥቶ ያልተከፈቱ ኢሜይሎቹን አሳየኝ። «የዳኞች ኮሚቴው ይልካል፣ የወጣቶቹ ይልካል፣ ፕሬዚዳንቱ ፎቶ ይልካሉ። ይህ ይቅደም፣ ይህ ለሁሉም ይድረስ የሚለኝ የለም። ተረኛ ስሆን በእረፍቴ የመጣውን በመጣበት እሰቅላለሁ።» ከዚያ ሰርኩላር 3ን እሱ እንዳልጻፈው፣ ግን አውራ ጣቱ የሱ እንደሆነ ነገረኝ። ጣቱን አሳየኝ። ምን እላለሁ፣ ዳቦዬን አካፈልኩት።

ስለዚህ ንዴቴ ማን ላይ እንደሚያርፍ አላውቅም። ልጅቷ ስልክ ታነሳለች፣ ነርሱ ይሰቅላል፣ ኮሚቴው ይጽፋል፣ ሁሉም የየራሱን ሠርቷል። ወጥቶ የሚጣራው ነው የሌለው። አሁን ደግሞ አዲስ ድረ ገጽ እየተሠራ ነው ተብሏል። እኔ አባል ከሆንኩ ሦስተኛው ነው። እኔ ድረ ገጽ አልጠየቅሁም! ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ለየክለቡ ጸሐፊ ሦስት መስመር ይላክ፤ ምን ተቀየረ፣ እስከ መቼ፣ ማን ጋ ይደወላል። ከማንኛውም ፎቶ በፊት። ይህን ጽፌ ላክሁላቸው፣ ወዲያው መልስ መጣ። በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ያነጋግሩኛል፣ ሰው ሳይሆን ማሽኑ ነው ያለኝ።

እስከዚያው ለክለባችን እኔው ጀመርኩ። ወር በገባ ፊዴ ጋ ገባ ብዬ፣ የፌዴሬሽኑን «ልዩ ልዩ» በርብሬ፣ ዋትሳፕ ላይ ሦስት መስመር እለቃለሁ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ጋሼ ዋትሳፕ የላቸውም፣ ስልካቸው ቁልፍ ያለው የድሮ ኖኪያ ነው፣ ስለዚህ ለሳቸው እደውላለሁ።

የመጀመሪያውን የደወልኩት ሜይ 1 ነበር። የፋሲካው ሰባት ዙር ተቆጥሮ ቁጥራቸው ወርዷል። እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ስለ አየሩ አወራሁ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቅሁ።

«ስንት ነኝ?» አሉኝ።

«1664።»

ዝም አሉ። በስልኩ ውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማኛል።

«ከ1700 በታች ማለት ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በል እንግዲያው የሚቀጥለው ፋሲካ ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት እይልኝ።»

ይጠብቁኝ ብዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁና ላፕቶፔን ከፈትኩ። መነሻ ገጽ። «ስለ እኛ»። «ሰነዶች»።

«አገኘኸው?» ይላሉ ጋሼ።